የታመመ ዘመድ ድካም እውነት ነውን?

(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

የዛሬው ንግግራችን በብዙ ቤት ስላለ፥ ነገር ግን በሰው ፊት ለመናገር ስለሚያሳፍር ተሸፍኖ ስለሚኖር ጕዳይ ነው። ይኸውም በዕድሜ የገፋ፥ ሕመምም ያደረበት ዘመድ «አልቻልሁም» ባለ ጊዜ በአስታማሚው ልብ ውስጥ «በእውነት አልቻለምን? ወይስ አልፈለገም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህን ያሰበ ሰው ወዲያው በራሱ ያፍራል፤ ያሳደገችውን እናት እንደ ሐሰተኛ ምስክር መመርመር የጀመረ ይመስለዋልና። ይሁን እንጂ ጥያቄው በማፈር ብቻ የሚጠፋ አይደለም። ተደብቆ ሲኖር መልኩን ይለውጥና በቍጣ ቃል፥ ወይም ውሃ ለማቀበል በመዘግየት፥ ወይም «እስቲ ራስዎ ይሞክሩት» በሚል ፈተና ይገለጣል። ስለዚህ ወደ ብርሃን አውጥተን ብንመለከተው ይሻላል።

ነገሩ እንዲጨበጥ በአንድ ቤት እንመስለው። እርስዎ አንባቢ በአዲስ አበባ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚያገለግሉ፥ የትውልድ አገርዎ ግን ከፋ ነው እንበል። እናትዎ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በጊምቦ ወረዳ፥ እንሰት በከበበውና ቡና በጓሮው በቆመበት ቤት ከታናሽ እኅትዎ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰባውን ተሻግሯል። በብርታታቸው ዘመን እንሰቱን ፍቀው፥ ቆጮውን ጋግረው፥ ማሩንና ኮረሪማውን ገበያ አውርደው እናንተን ያስተማሩ ሴት ናቸው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ደክመዋል። አንድ ማታ እኅትዎ በስልክ እንዲህ ትላለች፤

«እኔስ ደከመኝ። ከመደቡ ወርደው ምድጃ ዳር ለመቀመጥ እንኳ እኔን ይጠራሉ፤ እጃቸውን ይዤ፥ ወገባቸውን ደግፌ ነው። ትናንት ግን ከጎረቤት የለቅሶ ጩኸት ሲሰማ ከእኔ ቀድመው ደጅ ደረሱ! እኔ ስጠራቸው አይሰሙኝም፤ የአጎታችን ልጅ መጥቶ ሲያወራ ሁሉን ይሰማሉ። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን ራሳቸው ይቀዳሉ፤ እንግዳው ሲሄድ ሲኒ አይነሣላቸውም። እውነቱን ንገሩኝ፥ እናታችን ታመው ነው ወይስ እኔን ሊፈትኑኝ ነው?»

በዚህ ጊዜ ከአንደበትዎ የሚቀድሙት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «እንዴት በእናትሽ ላይ እንዲህ ትናገሪያለሽ!» የሚል ነው። ይህ መልስ ክብር ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ የምትነሣው እርሷ እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ስለዚህ ተግሣጹ ከሩቅ የተወረወረ ድንጋይ ይሆንባታል፥ ሁለተኛም ምንም አትነግርዎትም። ሁለተኛው መልስ «እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ዝም በያቸው፥ ራሳቸው ይነሣሉ» የሚል ነው። ይህኛው ደግሞ ለእኅትዎ የሚያጽናና መስሎ እናትዎን ባዶ ቤት ውስጥ ወለል ላይ ሊጥላቸው ይችላል። በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ ብዙ ሰው ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አይራመድም።

ደግሞም አንድ ነገር እናስታውስ። እርስዎ ያሉበት ቦታ ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጅማን አልፎ፥ ጎጀብን ተሻግሮ የሚደርስ ሰው እናቱን የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። በመካከሉ ያለውን ሁሉ የሚሰማው በአንድ አፍ ነው። በአንድ አፍ ብቻ የሚወራ ሕመም ደግሞ ጥርጣሬን ይወልዳል፤ ይህም በገበሬ ቤት ብቻ ሳይሆን በቤተ መንግሥትም የታየ ነው። በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከፋን ወደ ግዛታቸው የጨመሩት ዳግማዊ ምኒልክ፥ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጽኑ ሕመም ወድቆባቸው አካላቸው ሰንፎ፥ አንደበታቸውም ተይዞ አልጋ ላይ ዋሉ። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው ያዝዙ ጀመር። መኳንንቱም ትእዛዙ የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ነው ወይስ የእቴጌይቱ እያሉ ይጠራጠሩ ነበር፤ በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱን ከሥልጣን አገለሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይተው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ወዲያው ለሕዝብ አልተነገረም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከግቢው ውጭ የነበረው ሰው፥ ጌታው ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ በዐይኑ ሳያይ በወሬ ይገምት ነበር። የጊምቦውም ቤት እንደዚሁ ነው፤ መንግሥት የለበትም እንጂ በር የተዘጋበት ሕመም አለበት።

አሁን ወደ ሰውነት ሥራ እንግባ። የእኅትዎ ክስ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። እኛ ጤነኞቹ ጕልበትን እንደ ኪስ ገንዘብ እንቈጥረዋለን፤ ማታ በኪስ የነበረ ገንዘብ ካልተሰረቀ በቀር ጠዋትም ይገኛል። ስለዚህ ትናንት የተራመደ ሰው ዛሬ «አልችልም» ቢል ገንዘቡን ሸሽጓል እንላለን። የሸመገለና የታመመ ሰውነት ግን እንዲህ አይደለም። ጎጀብን በእግሩ ሊሻገር የሚሻ ሰው፥ ወንዙ ትናንት እስከ ጕልበት ብቻ ነበር ብሎ ዛሬ ዘሎ አይገባበትም፤ ሌሊቱን በላይኛው አገር ምን ያህል ዝናብ እንደ ዘነበ አላየምና። የታመመ ሽማግሌም ችሎታ በሰዓቱ፥ በቦታው፥ በድካሙና በአካባቢው ሁኔታ ከፍና ዝቅ ይላል።

ከጆሮ እንጀምር። በእርጅና ምክንያት የሚመጣ የመስማት ድካም ሁሉንም ድምፅ እኩል አይወስድም፤ በመጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የሴትና የሕፃን ድምፅ፥ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉትም ፊደላት ቶሎ ይሰወራሉ፤ የወንድ ወፍራም ድምፅ ግን ይቈያል። ደግሞም ፊት ለፊት ተቀምጦ በጸጥታ የሚናገርን ሰው የሚሰማ ጆሮ፥ ከጓሮ ሆኖ የሚጣራውን ላይሰማ ይችላል። እንግዲህ የአጎትዎ ልጅ ጎርናና ድምፅ ይዞ ከመደቡ አጠገብ ሲቀመጥ ይሰማል፤ እኅትዎ ከምድጃው ዘንድ ስትጣራ አትሰማም። «የሚፈልጉትን ብቻ ይሰማሉ» የሚባለው ነቀፋ በየአገሩ ሽማግሌዎች ላይ ይነገራል፤ በብዙ ቤት ግን ጥፋቱ የጆሮው ነው።

ዐይንም እንደዚሁ ነው። የዐይን ሞራ በመካከል የጋረደው ሰው በቀትር ፀሐይ ደጃፉን መርገጥ ሲያቅተው፥ ወደ ማታ ከመሬት የወደቀ መርፌ ሊያነሣ ይችላል። በብርቱ ብርሃን ብሌኑ ስለሚጠብ ዐይን የሚያየው በተጋረደው ክፍል ብቻ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ብሌኑ ሲሰፋ ግን ከሞራው ዳር በኩል ብርሃን ይገባለታል። ይህን የማያውቅ ሰው «ቀን ዕውር፥ ማታ ባለ ዐይን» ብሎ ይስቃል። ሞራው በቀዶ ሕክምና የሚወገድ መሆኑን ብቻ ጨምረን እንለፍ።

በከፋ በተለይ ሊታወስ የሚገባው ሌላ ሕመም አለ፤ እርሱም ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ነው። ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባለበት ከፍተኛና ዝናባማ አገር በባዶ እግሩ ለብዙ ዘመን የኖረ ገበሬ፥ ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ ነገሮች በእግሩ ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መተላለፊያ ይጐዱበታል። ይህ ሕመም ከቀን ወደ ቀን ቀስ ብሎ የሚሄድ ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው የሚነሣ ትኵሳትና ብርቱ የእግር ሕመም አለበት። ሲነሣ በሽተኛውን ለብዙ ቀን አልጋ ላይ ያውለዋል፤ ሲተወው ተነሥቶ ገበያ ይሄዳል። ሰኞ ሲቃትት ያየው ጎረቤት ቅዳሜ በገበያ መንገድ ሲያገኘው ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ ጫማ ማድረግ፥ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ የሕመሙን መነሣት ያሳንሰዋል። ይህ ሕመም በዘር የሚተላለፍ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

አሁን ከክሱ ሁሉ የሚከብደውን እንመልከት፤ ከመደብ መውረድ ያቃታቸው ሴት የለቅሶ ጩኸት ሲሰሙ ከወጣቷ ቀድመው ደጅ መድረሳቸውን። ይህ ነገር በእውነት ያስደነግጣል፤ በዐይኑ ያየው ሰው ከእንግዲህ ምንም ቢነገረው አላምንም ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ሐኪሞች ይህን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጀምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. ስለ አንድ የመንቀጥቀጥ ሕመም ጽፎ ነበር፤ ሕመሙም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ጡንቻው አልሞተም፤ የተሰናከለው በአንጎሉ ውስጥ «ጀምር» የሚለው ትእዛዝ ነው። በዚህም ምክንያት በደጃፍ ላይ እግሩ ከመሬት እንደ ተሰፋ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነገር ግን ብርቱ ድንጋጤ፥ ወይም እሳት፥ ወይም የዘፈን ምት፥ ወይም በወለል ላይ የተሰመረ መስመር በመጣ ጊዜ ያ ትእዛዝ በሌላ መንገድ ይደርስና ሰውየው በድንገት ይራመዳል። በደልዳላ መሬት መራመድ ያቃተው ሰው ደረጃ ሲወጣ የሚታይበትም ጊዜ አለ። የለቅሶው ድምፅ እናትዎን ከመደብ ያነሣቸው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። እንደ ገና እንዲያደርጉት ቢለመኑ አይሆንላቸውም፤ ራሳቸውም እንዴት እንደ ሆነ አያውቁትም፤ እንዲያውም በማግስቱ የበለጠ ደክመው ያድራሉ። እናትዎ ይህ ሕመም አለባቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው። ለዚህ ሕመም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጥ መድኃኒት ስላለ፥ በሽተኛው ሕመሙ ሳይታወቅለት በውሸታምነት ስም ቢኖር ሁለት ጊዜ ተጐዳ ማለት ነው።

ስለ ቡናውስ? በዕድሜ የሚመጣ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ጠዋት ቁርስ መብላቱን፥ ማን መጥቶ እንደ ሄደም ሊረሳ ይችላል። እጅ የለመደው ሥራ ግን በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሚቀመጥ ብዙ ቈይቶ ነው የሚጠፋው። ስድሳ ዓመት ቡና የቈላች እጅ ቡናው መቼ እንደ ደረሰ ታውቃለች፤ ከአቦል ወደ ቶና፥ ከቶና ወደ በረካ ያለውንም ሥርዐት አትስትም። ቡና ለሰው መጠሪያ በሆነበት አገር የኖሩ ሴት በእንግዳ ፊት ጀበና ሲያነሡ ማየት ስለዚህ አያስደንቅም። ከዚህም በላይ፥ እንግዳ ሲመጣ የሰው ሰውነት ራሱን ይሰበስባል። እርስዎም ብርድ ብርድ እያለዎት የመምሪያው ኃላፊ ቢሮዎ ቢገቡ ተነሥተው ይቆማሉ፥ ይናገራሉም፤ ከወጡ በኋላ ግን ጠረጴዛው ላይ ይደፋሉ። ለኃላፊው ያሳዩት ጤና ሐሰት ነበርን? ለባልደረባዎ ያሳዩት ድካምስ? ሁለቱም እውነት ነበሩ። አስታማሚ ግን ሁልጊዜ የምታገኘው ሁለተኛውን ነው፤ እንግዳ ከሄደ በኋላ ያለውን ሰዓት። ለእኅትዎ ይህ እውነተኛ በደል ነው፤ ከእናትዎ ብርታት ድርሻ አልደረሳትምና።

ሌሎቹን ባጭሩ እንጥቀሳቸው። ከመኝታ ሲነሡ የደም ግፊታቸው በድንገት የሚወርድባቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ ተቀምጠው ሳሉ ጤነኞች ናቸው፥ ሲቆሙ ዐይናቸው ይጨልማል። ለዚህ የግፊት መድኃኒት ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ተኝተው ሳሉና ከቆሙ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቢለካ፥ የላይኛው ቍጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ መውረዱ ነገሩን ይገልጠዋል፤ ይህንን ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊለካው ይችላል። ደግሞ በሽማግሌዎች ዘንድ የልብ ኀዘን ብዙ ጊዜ እንባ የለውም፤ «ወገቤ ሞተ፥ እግሬ እንቢ አለኝ» በሚል ቃል ነው የሚናገረው። ባሏን የቀበረች፥ ልጆቿም አንድ በአንድ ወደ ከተማ የሄዱባት ሴት በእግሯ ብታለቅስ ሊያስገርመን አይገባም። ከሁሉ ፈጥኖ ሐኪም የሚያስፈልገው ግን በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የመጣ ለውጥ ነው። ትናንት ልጁን በስሙ የጠራ ሽማግሌ ዛሬ ቢቀባዥር፥ ጠዋት ፈዞ ማታ ቢነቃ፥ ወይም በአንድ ወገን አካሉ ቢሰንፍ፥ ይህ የሳንባ ወይም የሽንት መንገድ ሕመም፥ ወይም የመድኃኒት ጉዳት፥ ወይም የአንጎል ደም ሥር አደጋ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ስለ እውነትና ሐሰት መከራከር ሰዓት ማባከን ነው፤ በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ያሻል። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ የሚሻው በሽተኛ ወደ ጅማ ይላካል።

«እሺ፥ ሐኪሙ መርምሮ እግሩ ጤነኛ ነው ቢልስ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ይህም መልስ አለው። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሁቨር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. አንድ ቀላል የምርመራ ዘዴ ገልጧል። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ደካማ የተባለችውን እግር ወደ ታች እንዲጫን ሲታዘዝ ኀይል ያጣል፤ ጤነኛይቱን እግር ወደ ላይ እንዲያነሣ ሲታዘዝ ግን ያችው ደካማ እግር ሳያስበው አልጋውን በኀይል ትጫናለች። በአሮጌው ዘመን ይህ ሌባ እንደ መያዝ ይቈጠር ነበር። የዛሬ ሐኪሞች ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይሉናል፤ ከአንጎል እስከ እግር ያለው መንገድ ሳይበጠስ፥ ሰው በፈቃዱ እግሩን ማዘዝ የሚሳነው እውነተኛ ሕመም አለ። ስለዚህም ምልክቱን ለበሽተኛው ራሱ ያሳዩታል፤ «ተያዝህ» ለማለት ሳይሆን፥ «መንገዱ አልተቈረጠም፥ በልምምድ ሊመለስ ይችላል» ለማለት ነው። በማስመሰልና በሕመም መካከል ያለው ድንበር ከውጭ ሲታይ እንደሚመስለን ቀጥ ያለ አጥር አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል ሽማግሌ ሁሉ ፈጽሞ አያጋንንም ማለቴ አይደለም። ያጋንናል። ያልቻሉትን አንድ ነገር ሦስት አድርገው የሚናገሩ፥ ልጅ ሊሄድ ሲነሣ ሕመም የሚጸናባቸው እናቶችና አባቶች አሉ፤ ይህን የማያውቅ አስታማሚ የለም። እኔ የምጠይቀው «ይህ ማጋነን ምን ይገዛል?» ብዬ ነው። እርስዎ ባለፈው ዓመት ወደ ቦንጋ የሄዱት መቼ ነበር? እናትዎ በታመሙ ጊዜ አይደለምን? ከዚያ በፊትስ? እንደዚሁ በታመሙ ጊዜ ነው። ደኅና በነበሩበት ወራት ስልክ እንኳ አጥሯል። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ልጅን የሚያመጣ ሕመም ብቻ እንደ ሆነ ያስተማሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። መፍትሔውም ከምርመራ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ በሳምንት በታወቀ ቀን፥ ታመሙም ዳኑም፥ መደወል፤ ወደ አገር ቤት መሄድንም የሕመም ወሬ ሳይጠብቁ በፈቃድ መዝገብዎ ላይ አስቀድሞ መያዝ። ሕመም ብቸኛው መጥሪያ ካልሆነ ያን ያህል ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

ሕግም ስለዚህ ነገር የሚለው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ኋላም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ልጆች ለወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግገዋል፤ ጠያቂው ግን የተቸገረና ሠርቶ መኖር የማይችል መሆን አለበት። ዳኛ ይህንን ሊመዝን ይችላል። ነገር ግን ቀለብ ለመቍረጥ የሚበቃ ሚዛን፥ አንዲት ሴት ሌሊት ብቻዋን ወደ ደጅ መውጣት ትችላለች ወይስ አትችልም የሚለውን አይለካም።

ወደ ሌላው ወገን ደግሞ እንመልከት። ብዙ ማገዝም ይጐዳል። ጤነኛ ሽማግሌዎች ለዐሥር ቀን ብቻ በአልጋ እንዲቈዩ የተደረገበት በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ መቀነሱን አሳይቷል። ያልታመመ ሰው እንዲህ ከሆነ የታመመውማ እንዴት ይሆናል! እንግዲህ ከመጀመሪያ እውነተኛ የነበረው ትንሽ ድካም፥ ሁሉ ነገር በልጅ እጅ ሲሠራለት ወደ ትልቅ ድካም ያድጋል። በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በአንድ የአረጋውያን ቤት የተደረገና በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም አለ። ከአንዱ ፎቅ ሽማግሌዎች ዘንድ እያንዳንዱ አንድ ተክል ተሰጥቶት ራሱ እንዲያጠጣ፥ ስለ ኑሮውም ራሱ እንዲመርጥ ተነገረው፤ የሌላው ፎቅ ሽማግሌዎች ተክሉን ሠራተኞች አጠጡላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው የሚያጠጡት ይበልጥ ንቁዎችና ተንቀሳቃሾች ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አንጫነው። በጊምቦ ግን የአበባ ሸክላ መፈለግ አያሻም፤ በሰፌድ ላይ ቡና መልቀም አለ። ዐይን ቢደክምም ጣት የተበላሸችውን ፍሬ ታውቃለች። ይህ ሥራ እንደ ፈተና ሳይሆን የቤቱ ሥራ ሆኖ ይሰጣቸው፤ በዝግታ ቢሠሩትም፥ ግማሹን ቢተዉትም አይነጠቁ።

በመጨረሻ ለእኅትዎ ምን ይሏታል? ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ በስልክ ቢያነቡላት አትሰማዎትም፤ ደክሟታል። መጀመሪያ የምትሰማው «አንቺስ መቼ ትተኛለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። በወር የሚልኩትን ገንዘብ ለእናትዎ ብቻ የሚልኩ ከሆነ፥ ከእርሱ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን እናትዎን የምትረዳ አንዲት የጎረቤት ሴት የሚከፈላት ይሁን፤ እኅትዎ በእነዚያ ቀናት ከቤት ትውጣ። ጥርጣሬ ከክፋት ይልቅ በእንቅልፍ ማጣት ይበረታል።

ቀጥሎ መዝገብ ይያዝ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች መዝገብ የምንወድ ሰዎች ስለ ሆንን ይህ አያስቸግረንም፤ ቍጥርና ማኅተም ባይኖረውም ይሠራል። አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ተገዝቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ይጻፍበት፤ እናታችን በስንት ሰዓት ተነሡ፥ በስንት ሰዓት አልችልም አሉ፥ ከዚያ በፊት ምን በሉ፥ የትኛውን መድኃኒት ዋጡ፥ ሌሊቱን እንዴት አደሩ፥ ማን መጣ። «አስመሰሉ» ወይም «ሰነፉ» የሚል ቃል አይጻፍበት፤ የታየው ብቻ ይጻፍ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ከክርክር በፊት የማይታይ ነገር ሊያሳይ ይችላል፤ ክፉው ሰዓት ሁሉ ጠዋት መድኃኒት ከዋጡ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከእንግዳ ማግስት፤ ወይም እግር በተቈጣ ሰሞን።

እርስዎም ፈቃድ ወስደው ይውረዱና እናትዎን ሐኪም ዘንድ ያድርሱ። ደብተሩንና በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፥ ባዶውንም ብልቃጥ ጭምር፥ በአንድ ከረጢት ይያዙ፤ ከጎረቤት የተሰጣቸውና ከገበያ የተገዛው ሥርና ቅጠልም ቢሆን አይቅር። ስለ ለቅሶው ቀን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ምልክት፤ ለእርሱ ከብዙ ምርመራ የበለጠ ነገር ሊነግረው ይችላል። እናትዎ ከከፍኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይቀናቸው ከሆነ እኅትዎ ታስተርጕም፤ እርስዎ በከተማ ብዙ ስለ ቈዩ አንዳንዱ ቃል ያመልጥዎታል። ሐኪሙ «ምን አመማቸው?» ብሎ ወደ እርስዎ ቢመለከት ግን ፈጥነው አይመልሱ። ፊትዎን ወደ እናትዎ ይመልሱና ይጠብቁ። ቃሉ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፤ ወንበሩን ወደ እርሳቸው ጠጋ አድርገው ይቀመጡ።